«እማማ፣ ለምን ቀደም ብለው አላመጧትም?»

ጥያቄውን የጠየቀው ልጅ ክፋት የለበትም። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው፣ ሊመረቅ የደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ አረፍ አላለም፤ ጓንት ያወልቃል፣ ጓንት ያጠልቃል፣ ቀጣዩን ይጠራል። ከፊቱ የቆሙት እናት ውሻቸውን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለው ታቅፈዋታል። ትልቅ ውሻ ናት፤ አፍንጫዋ አካባቢ ሸብታለች። ሆዷ ተነፍቷል። ከኋላዋ መግል የተቀላቀለ ፈሳሽ ይወርዳል፤ ሽታው ከሩቅ ይሰማል። ልጁ አንሶላውን ገለጥ አድርጎ አያትና ፊቱ ተለወጠ። «እማማ፣ ለምን ቀደም ብለው አላመጧትም?» አላቸው።

እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ስም እመዘግባለሁ። ቀኑ የነጻ ክትባትና የማምከን፣ ማለትም ውሾችና ድመቶች እንዳይራቡ ቀዶ ጥገና የሚደረግበት፣ ቀን ነው። የእንስሳት ሐኪም በሌለበት ሰፈር፣ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ጠረጴዛዎች ተደርድረው፣ ሰልፉ እስከ በሩ ዘልቆ። እንዲህ ያለ ቀን ያየ ሰው ጩኸቱንም፣ የተጠላለፈውን ገመድም፣ በከረጢት የምትመጣዋን ድመትም ያውቃል። ስለዚህ እሱን አልተርክም። እስከዛሬ የሚከነክነኝ እናትየው የሰጡት መልስ ነው።

## መልሱ

አልተቆጡም። አላፈሩምም። ልክ እንደ ምስክር ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«ውሃ ስታበዛ ነው የጠረጠርኩት። ሌሊት እየተነሳች ትጠጣለች። ከዚያ ምግብ አልቀምስ አለች። ክሊኒክ ወሰድኳት። ለማየት ብቻ ይኼን ያህል፣ ለደም ምርመራ ይኼን ያህል፣ ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ደግሞ ይኼን ያህል አሉኝ። በየወሩ ከፋፍዬ ልክፈል ወይ አልኩ። እንደሱ አንሠራም አሉ። ሌላ ቦታ ይረክሳል ሲሉኝ እዚያ ልወስዳት ታክሲ ለመንኩ፤ ውሻ አንጭንም አሉኝ። በእግር ወጣን። መንገድ ላይ ተኛችብኝ። ተሸክሜያት ተመለስኩ።»

ልጁ ምንም አልመለሰም። «እሺ እማማ፣ ይስጡኝ» ብሎ ውሻዋን ከእጃቸው ተቀበለና ወደ ውስጥ ገባ። እሳቸው አንሶላውን አጣጥፈው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኚህ እናት ግን ምንም አልደበቁም። በሽታውን በመጀመሪያው ምልክት አውቀውታል። ውሃ ማብዛት ትክክለኛው ምልክት ነው፤ በኋላ የዚያን ቀን ቀዶ ጥገና የሠራችው ሐኪም ራሷ ነገረችኝ። ወደ ትክክለኛው ቦታ ሄደዋል። ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቀዋል። የቀራቸው ነገር የለም። ያ ሁሉ ተደርጎም ውሻዋ ልትሞት የደረሰችው ሰውየዋ ስላላወቁ ወይም ስላልወደዷት አይደለም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የቆመ ነገር ስለነበረ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚባል ነገር እንወዳለን። ፖስተር እንለጥፋለን፣ በድምፅ ማጉያ እንናገራለን። አስፈላጊ አይደለም አልልም። ግን ሰልፉ ላይ ቆመው የነበሩትን ሰዎች ሳስብ፣ አብዛኞቹ ከእኛ ፖስተር የሚማሩት ብዙ ነገር አልነበራቸውም። ውሻቸው ስንቴ እንደወለደች ያውቃሉ። ቡችሎቹ የት እንደደረሱ ያውቃሉ። የትኛው ጎረቤት በውሻ ተነክሶ መርፌ ፍለጋ እንደተንከራተተ ያውቃሉ። የጎደላቸው የሚደርሱበት ሐኪም ነው።

## ትንሿ ቀዶ ጥገና እና ትልቋ

የውሻዋ ሕመም ፓዮሜትራ ይባላል። ማህፀን ውስጥ መግል መጠራቀም ማለት ነው። ያልመከነች ሴት ውሻ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ባለፈ ቁጥር፣ አረገዘችም አላረገዘች፣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ለሳምንታት ከፍ ብሎ ይቆያል። የማህፀኗ ግድግዳ ይወፍራል። የማህፀን ጡንቻዋም ስለሚረጋ የገባ ባክቴሪያ አይወጣም። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም አንድ ቀን ባክቴሪያው ይራባል፣ መግሉ ይሞላል። የማህፀን በሯ ክፍት ከሆነ ፈሳሹ ይታያል፤ ዝግ ከሆነ ግን ምንም ሳይታይ ሆዷ ብቻ ይነፋል፣ ይኼኛው የባሰ ነው። ሊፈነዳም ይችላል። ስዊድን ውስጥ በመድን የተመዘገቡ ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት ካልመከኑት ሴቶች ሩብ ያህሉ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ እንደሚያዙ አሳይቷል። የሰለጠነ ሕክምና በእጁ ባለበት አገር ማለት ነው።

የዚያን ቀን ሐኪሟ ስትሠራ በመስኮቱ አየሁ። ጤነኛ ውሻ ላይ ማህፀኑን ለማግኘት ጣት የማይሞላ ቀዳዳ ትከፍታለች፤ የማህፀኑ ሁለት ቀንዶች ከእርሳስ አይወፍሩም፤ ክሩ ይታሰራል፣ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ እጇ ለለመደ ሐኪም ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ ሥራ ነው። የእኚህ እናት ውሻ ላይ ግን ሆዷን ሰፋ አድርጋ ከፈተች። በሁለት እጇ ቀስ ብላ ያወጣችው ነገር በውሃ የተሞላ ረጅም ፊኛ ይመስላል፤ ቆዳው ስስ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ። ረዳቷ ትንፋሹን ውጦ ይዞላታል። እንዳይፈነዳ። ከአጠገባቸው ጉሉኮሱ ይንጠባጠባል። ለሌሎቹ የተመደበው ጊዜ ሁሉ እዚያ አለቀ፤ ሰልፍ ላይ የነበሩ ሰዎች ለሌላ ቀን ተቀጠሩ።

ውሻዋ ነቃች። ተርፋለች።

ግን አስቡት። ሁለቱም ቀዶ ጥገናዎች የሚያወጡት አንድ አይነት ነገር ነው፣ ማህፀንና እንቁልጢ። አንደኛው ጤነኛ እንስሳ ላይ በአጭር ሰዓት፣ በጥቂት መድኃኒት ይሠራል፤ ጠዋት ገብታ ማታ ቤቷ ትገባለች። ሌላኛው ልትሞት ያለች እንስሳ ላይ በረጅም ማደንዘዣ፣ በአንቲባዮቲክ፣ በጭንቀት ይሠራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። ሳይቃጠል የሚደረገው ሥራ ርካሽ ሆኖ ሳለ ለድሃው ሰፈር የሚደርሰው፣ ከደረሰም፣ ከተቃጠለ በኋላ ያለው ውድ ሥራ ነው። ይኼ ነው የሚያበሳጨኝ።

## «ነጻ» የተባለው ለማን ደረሰ

በዚያ ቀን መዝገቡን ሳገላብጥ ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ከሰልፉ ፊት የነበሩት ሰዎች ማስታወቂያውን በስልካቸው ያዩ ናቸው። መኪና አላቸው፣ የድመት ሳጥን አላቸው፣ የክትባት ካርድ አላቸው። ደስ ይላል፤ እነሱም እንስሳቸውን ይወዳሉ፣ እነሱንም አልከለክልም። ቀኑ የተዘጋጀላቸው የግቢው ጀርባ ነዋሪዎች ግን ከሰው ሰምተው፣ ሥራቸውን ጨርሰው፣ ረፈድ ብሎ ነው የመጡት። ያኔ ቦታው ሞልቷል።

ሌላው ደግሞ ጾም ነገር ነው። የእንስሳውን ማለቴ ነው። ማደንዘዣ የሚወስድ ትልቅ ውሻ ሌሊቱን ሳይበላ ማደር አለበት፣ ካስመለሰ ወደ ሳንባው ሊገባበት ስለሚችል። ቡችሎችና የድመት ግልገሎች ደግሞ በተቃራኒው ብዙ ሰዓት መጾም የለባቸውም፤ ስኳራቸው ይወርዳል። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ጠዋት አብልተው የመጡ ነበሩ። ውሻውን ይወዱታል፣ ረጅም ቀን ነው ብለው አበሉት። ከዚያ «ዛሬ አይሆንም» ተባሉ። የአንድ ቀን ገቢያቸውን ትተው የመጡ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ዋጋ ዜሮ ሲሆን ችግሩ አለቀ ማለት አይደለም። መንገዱ አለ። መጫኛው አለ። ሰዓቱ አለ። ወሬው በማን በኩል እንደሚደርስ አለ። እና ደግሞ ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ የሚሰሙት ቃል አለ። ይኼኛውን ሰው ሁሉ ይንቀዋል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ነው። አንድ ሰው በውሻው ሁኔታ ከተወቀሰ ሁለተኛ አይመጣም። ለጎረቤቱም «አትሂድ፣ ይሰድቡሃል» ይለዋል። እከክ የወረሰው ውሻ ይዞ የመጣ ወጣት አይቻለሁ፣ ውሻውን ከሰው ዓይን ለመሸሸግ ከአጥሩ ጥግ ነበር የቆመው። ተራው ሲደርስ ሐኪሟ ያለችው የመጀመሪያ ነገር «ጎሽ፣ አመጣኸው» ነው። ወጣቱ ከዚያ በኋላ የጠየቀችውን ሁሉ ነገራት፤ ምን እንደቀባው፣ ማን እንዳዘዘለት፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንደሞከረ ሳይቀር። ይህን ባይነግራት ኖሮ ቆዳው ላይ ያለውን ቁስል ከምን እንደመጣ አታውቅም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ኖርዝ ካሮላይና አሽቪል የሚባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተ ሂዩማን አላያንስ የሚባል ክሊኒክ ነበር። ስለ እሱ ስሰማ በጣም የወደድኩት ነገር የሠሯቸው እንስሳት ብዛት አልነበረም። መኪና መኖሩ ነው። ክሊኒኩ በዙሪያው ወዳሉ ወረዳዎች መኪና እየላከ ውሾችንና ድመቶችን ይሰበስባል፣ ያመክናል፣ ይመልሳል። ማለትም መጓጓዣውን ከሕክምናው ለይተው አላዩትም። እናትየው ታክሲ የለመኑበት ክፍል እዚያ መልስ አግኝቷል።

## ርካሽ ሲባል ከምን ላይ ተቀንሶ ነው

ይህን የሚጠይቁ ሰዎች ልክ ናቸው። ርካሽ ሲሉት የጥራት ጉዳይ ያሳስባል። እኔንም ያሳስበኛል። አንድን መርፌ ለብዙ እንስሳ፣ አንድን መሣሪያ ሳይቀቅሉ ከሆድ ወደ ሆድ ከሆነ እሱ አገልግሎት አይደለም፣ ጭካኔ ነው። «ለድሃ ሰው እንስሳ ይህ ይበቃዋል» የሚል አስተሳሰብ አለበትና።

ዋጋው በትክክል የሚወርደው በሥራ ክፍፍል ነው። ሐኪሟ ስትሠራ ሌላ ሰው ቀጣዩን ይመዝናል፣ ሌላው ጸጉሩን ይላጫል፣ ሌላው ማደንዘዣውን ይከታተላል፣ ሌላው የነቃውን ያሞቃል። ሐኪሟ እጇ ከጠረጴዛው አይለይም። ቀዳዳው ትንሽ ስለሆነ ክር ይቆጥባል፣ ቁስሉ ቶሎ ይድናል። በራሱ የሚሟሟ ክር ስለሚጠቀሙ ስፌት ለማውጣት ተመልሶ መምጣት የለም፤ ይኼ መንገዱ ለሚርቅ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ጆሮ ጫፍ ላይ ትንሽ ምልክት ይደረጋል፣ ድመት ከሆነች ጫፉ በቀጥታ ይቆረጣል፣ በማደንዘዣ ላይ እያለች። ሌላ ጊዜ ማንም ሰው ያዛት፣ መምከኗን ከሩቅ ያያል፣ ሁለተኛ አትከፈትም።

የማይቀነሰው ደግሞ ይኼ ነው፤ ለእያንዳንዱ እንስሳ ለብቻው የተቀቀለ መሣሪያ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ልብና ትንፋሽ የሚቆጥር ሰው፣ የሚነቁበት ሞቅ ያለ ቦታ። ትንንሾቹ በማደንዘዣ ሙቀታቸው ቶሎ ይወርዳል፤ ብርድ ልብስ የመሳሪያ ያህል ነው። እነዚህ ካልተሟሉ ቀኑ ይሰረዝ ባይ ነኝ። በዚህ ከሰው ጋር ተጣልቼ አውቃለሁ፤ ወደፊትም እጣላለሁ።

## እየገደሉ መቀነስ

ከዚያ ቀን በኋላ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስንጨቃጨቅ «ይኼ ሁሉ ልፋት ለምን? ውሻ ሲበዛ ይወገዳላ» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው የተናገረው። ስለዚህ በደንብ ልመልስ።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ፍሎሬስ በምትባል ደሴት የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1997 ገባ። ባለሥልጣናቱ ገደሉ። የደሴቲቱ ውሾች ግማሽ ያህሉ አለቁ። በሽታው ግን አልጠፋም፣ ሰውም መሞቱን አላቆመም። በባሊ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲነሳ መጀመሪያ የተሞከረው ያው ነበር። በ2010 ደሴቲቱን በሙሉ ያዳረሰ የክትባት ዘመቻ ሲጀመር ነው የታማሚው ቁጥር መውረድ የጀመረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውሻ ሲገደል ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ምግቡ አለ፣ የተረፉት ይወልዳሉ፣ ከሌላ ቦታም ይመጣል። አዲሶቹ ደግሞ ያልተከተቡ ናቸው። የተከተበውንም ያልተከተበውንም አብሮ በሚገድል ዘመቻ የገነባኸውን መከላከያ ራስህ ታፈርሰዋለህ። ሰዎች ደግሞ ውሻቸውን ለማትረፍ ወደ ሌላ መንደር ያሸሻሉ፣ በሽታውንም አብረው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

በሌላ በኩል የሕንዷ ጃይፑር አለች። ሄልፕ ኢን ሳፈሪንግ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የመንገድ ውሾችን እየያዘ፣ እያመከነ፣ እየከተበ ወደነበሩበት ይመልሳል። በስምንት ዓመት ገደማ ውስጥ በፕሮግራሙ ክልል ካሉ ሴት ውሾች 65 በመቶ ያህሉ መከኑ፣ ተከተቡም፤ የውሻው ቁጥር በ28 በመቶ ቀነሰ፤ በዚያ ክልል በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው ጠፋ። ማንም ሳይገደል።

አንድ ነገር ግን ማደባለቅ የለብንም። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያቆመው ክትባት ነው። ማምከን ብቻውን አያቆመውም። ማምከን የሚሠራው ክትባቱ እንዳይባክን ነው። መንገድ ላይ የሚኖር ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዛሬ የከተብካቸው ሞተው በነገዎቹ ቡችሎች ይተካሉ፣ አንተ ደግሞ ከዜሮ ትጀምራለህ። የመከነች ውሻ ረዘም ላለ ጊዜ ትኖራለች፣ የተከተቡትም ድርሻ አይወርድም። ለማምከን ገንዘብ ከሌለ ግን ክትባቱ መጠበቅ የለበትም። ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ በየዓመቱ ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ይህ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ልክ ነው።

«ሰው ሳይታከም ለውሻ?» የሚለውም የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው ወደ 59,000 ይገመታል። 99 በመቶ ያህሉን የሚያስይዘው ውሻ ነው። ከአሥሩ አራት ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፣ እንደዚያች እናት ሰፈር ባሉ ቦታዎች የሚኖሩ። ሉዊ ፓስተር የተነከሰውን ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ግን ዛሬም የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት። ለተነከሰው ሰው የሚሰጠው ተከታታይ መርፌ ደግሞ ለውሻው ከሚሰጠው አንድ ክትባት እጅግ ይወደዳል። ውሻውን መከተብ የሰውን ልጅ ማከም ነው።

መንገድ ላይ የምናያቸው ውሾች አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው የሚለውንም ልብ በሉልኝ። ቀን ይዞራሉ፣ ማታ አንድ በር ላይ ይተኛሉ። ያ በር የእናትየው አይነት ሰው በር ነው። ስለዚህ ውሻውን ማግኘት የሚቻለው በሰውየው በኩል ነው።

## «አንዴ እንኳ ትውለድ»

ይህን የማይል የለም። ከልብ ነው የሚሉት፤ እናትነትን ሳታይ መቅረቷ ያሳዝናቸዋል። እኔ አልቆጣም። አንዴ መውለድ ግን ለጤናዋ የሚጨምረው ነገር የለም። እንዲያውም ቀድማ የመከነች ውሻ በጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏ ይቀንሳል፣ ፓዮሜትራም አይነካትም። ድመት ደግሞ ከአራት ወሯ ጀምራ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ነው፤ ግልገሎቿን እያጠባች እንኳ ታረግዛለች። «ጡት እስኪጥሉ እንጠብቅ» ያለ ቤት ሁለተኛው ሆድ ገፍቶ ያገኘዋል።

የወንዱ ደግሞ ሌላ ነው። «ከተኮላሸ ሰንፎ ቤት አይጠብቅም» ይላሉ። ውሻ ቤት የሚጠብቀው ቤቱን ስለሚያውቅ ነው፤ ይኼ አይወጣለትም። የሚቀንሰው ሴት ፍለጋ መዞሩና በዚያ የተነሳ የሚገባበት ጠብ ነው፣ መኪና የሚገጨውም ያኔ ነው። ለወንድ ውሻ ባለቤቶች የምነግረው አንድ ነገር አለ፣ ሁሌ ያስደነግጣቸዋል። በግንኙነት ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር አለ። የካንሰሩ ሴል ራሱ ነው የሚሻገረው። ብልታቸው ላይ እንደ አበባ ጎመን ሆኖ ይወጣል፣ ይደማል። ቪንክሪስቲን በሚባል መድኃኒት በየሳምንቱ እየተወጉ አብዛኞቹ ይድናሉ፣ ግን በየሳምንቱ መመላለስ ለማን ይቻለዋል? ስለዚህ ቀድሞ ማኮላሸት።

እና ደግሞ አንድ ለማስታወስ ያህል፤ የተኮላሸ ወንድ በዚያው ቀን መካን አይሆንም። ለተወሰኑ ሳምንታት ሊያስረግዝ ይችላል። ይህ ሳይነገራቸው ቀርቶ «አታለላችሁን» ብለው የመጡ ሰዎች አሉ። እምነት በእንዲህ ያለ ነገር ነው የሚሸረሸረው።

## ከስፌቱ በኋላ

የዘመቻ ቀን ፎቶው ያምራል። ማታ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ሁሉም ይሄዳል። የመከነችው ውሻ ግን ከአሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን መዝለል የለባትም፣ ቁስሏን መላስ የለባትም፣ በደረቅ ቦታ መተኛት አለባት። አንድ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ የሚኖር ሰው ይህን እንዴት ያድርግ? አንዳንዱ ያረጀ ቲሸርት አልብሷት ወገቧ ላይ ያስራል፣ ይሠራል። አንዳንዱ ለጎረቤት ያሳድራታል። ይህን የነገሩን ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው፤ እኛ ለሚቀጥለው አስተማርንበት። ቁስሉ ካበጠ፣ ከደማ፣ መብላት ካቆመች የሚደውሉበት ስልክ ያስፈልጋል። የሚነሳ ስልክ። ብዙ ቦታ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፣ ሲደወል ግን የሚያነሳው ሰው ለዚያ ሥራ አልተመደበም።

የግል ሐኪሞችን በዚህ ጽሑፍ መክሰስ አልፈልግም። እናትየውን «እንደሱ አንሠራም» ያላቸው ክሊኒክ ኪራይ አለበት፣ ደመወዝ አለበት፣ ያልተከፈለ ዕዳ አስመርሮት ሊሆን ይችላል። አንድ ሐኪም ብቻውን የሰፈሩን ድህነት ይሸከም ማለት አይቻልም፤ የሚሞክሩትም ቶሎ ይደክማሉ፣ ሙያውን ጥለው የወጡ አውቃለሁ። ከፋፍሎ የመክፈል ዋስትና፣ ለአስቸኳይ ሕመም የሚሆን የጋራ ገንዘብ፣ የመድኃኒት የጅምላ ግዢ፣ እነዚህ ከኋላው ቢቆሙለት «እሺ» ማለት ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ ይህ የማኅበራት፣ የማዘጋጃ ቤቶችና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥራ ነው። በተለይ ትምህርት ቤቶቹ። ተማሪው ልምምድ ይፈልጋል፣ ሰፈሩ ሐኪም ይፈልጋል። ከጎኑ ልምድ ያለው ሐኪም እስከቆመ ድረስ።

ትንሽ ክፍያ ይኑር ወይስ ፍጹም ነጻ ይሁን የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። «ያልከፈለበትን አያከብርም» የሚሉ አሉ። ውሻ ተሸክሞ ግማሽ መንገድ የሄደን ሰው ያዩ አይመስለኝም። እኔ የምለው ክትባቱ ለሁሉም ነጻ ይሁን፣ እሱ የሕዝብ ጤና ነው። ለማምከኑ ደግሞ የተቻለው የሚጨምርበት የተዘጋ ሳጥን ይቀመጥ። ማን ምን እንደጨመረ ማንም አይይ።

ከሁሉ በላይ የምሟገተው ግን ለቋሚ ቀን ነው። በዓመት አንዴ የሚመጣ ትልቅ ዘመቻ ሰፈሩን አጥለቅልቆ ይሄዳል፤ ያመለጠው ዓመት ይጠብቃል፤ በዚያ ዓመት ውስጥ አንዲት ውሻ ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። በምትኩ በየወሩ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ሐኪም ከጥቂት ረዳቶች ጋር ይምጣ። ጥቂት ይሥራ። ግማሹ ቦታ በግቢው ጀርባ ላሉት በስም ይያዝ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ ይመዝግብ፣ ስለ ጾሙም ዋዜማውን ይንገራቸው። መሸከም ለማይችል ጋሪ ይላክለት። ቀኑ ከታወቀ ሰው ከሥራው ይፈቅዳል፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይጠራራል። ሐኪሟም ባለፈው ወር የሰፋቻትን ውሻ ሆድ ገልጣ ታያለች።